የማይመልስ እንቅስቃሴ ጠቋሚ፤ በሮቦት ሥራ ትምህርት የብልሽት ፍለጋ ስላለው ቦታ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን የሳይንስ ቤተ ሙከራ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ «የማይሠሩ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት የካርቶን ሣጥን ነበረች። በውስጧ ሰባት እንቅስቃሴ ጠቋሚዎች ተቀምጠው ነበር። እነዚህ በተለምዶ ሴንሰር የሚባሉት፣ መጠናቸው ከክብሪት ቀፎ ያነሰ፣ በላያቸው ነጭ የፕላስቲክ ጉልላት የተደፋባቸው መሣሪያዎች፣ ዕጩ መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው በክበብ ተሰባስበው ለሚሠሩት ሮቦት ዓይን ሆነው እንዲያገለግሉ የተገዙ ናቸው።

ሮቦቱ ከካርቶንና ከጣውላ የተሠራ ሲሆን፣ ሰው በፊቱ ሲያልፍ ሁለት እጆቹን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚህ የበለጠ ሥራ የለውም። በኮሌጁ የጉብኝት ቀን ግን ለመጀመሪያው እንግዳ እጆቹን ካነሣ በኋላ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዝም አለ። ጠቋሚው ተነቅሎ በአዲስ ተተካ። ሮቦቱም እንደገና አንድ ጊዜ ሰላምታ ሰጥቶ ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላም በየልምምዱ ያው ሁኔታ እየተደጋገመ፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ ሰባት ጠቋሚዎች ወደዚያች ሣጥን ገቡ። ከክበቡ አባላት አንዳንዶቹ «የተበላሸ ዕቃ ነው የተላከልን» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ይህ ሥራ ለእነርሱ እንዳልተፈጠረ ቆጥረው ከክበቡ ቀሩ። ከቀሩት መካከል ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ሳይንስ እንዲያስተምሩ የሚመደቡ ነበሩ።

ዕጩ መምህራኑ ጠቋሚውን በመቀያየራቸው ከመመሪያው አልወጡም። የክበቡን መመሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስለ ብልሽት በጻፍኩት ክፍል ውስጥ የሚገኘው «ጠቋሚው የማይመልስ ከሆነ በአዲስ ይተካ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ዐረፍተ ነገር ቦታ ሊገባ ይገባው የነበረውን ሐሳብ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ማቅረብ ነው።

ጠቋሚው የሚያየው ምንድን ነው?

ብልሽትን ለመፈለግ በቅድሚያ ጤናማው መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በትምህርት ቤቶች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ኤች ሲ-ኤስ አር 501 በሚል መለያ የሚታወቀው ዓይነት በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚሰጡት አኃዞች እርሱን የሚመለከቱ ናቸው።

ማንኛውም ሙቀት ያለው አካል ለዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል። ቀይ ብርሃን ሞገዱ ወደ 0.7 ማይክሮሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ከሰው ገላ የሚወጣው ጨረር በብዛት ወደ 9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ይገኛል። ከቀይ በታች ያለ በመሆኑ ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል። በጠቋሚው መካከል ባለችው ትንሽ የብረት ቆብ ውስጥ ሁለት ስስ ገላጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነዚህ ከሙቀት ለውጥ የተነሣ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጡ ሲሆኑ፣ የተገናኙት ተቃራኒ ሆነው ነው። ስለሆነም ሁለቱም እኩል ሲሞቁ ምልክታቸው ይጣፋል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሲሞቅ ግን ልዩነቱ ይወጣል። ሰው በፊታቸው ሲያልፍ መጀመሪያ አንደኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ጨረሩን ይቀበላል። እንቅስቃሴ ተብሎ የሚተረጐመው ይህ ልዩነት ነው።

ነጩ ጉልላት ለመከላከያ ብቻ የተሠራ አይደለም። ጠጋ ብሎ ያየው ሰው ብዙ ትንንሽ ክፍልፋዮች ያሉት መሆኑን ይመለከታል። እያንዳንዱ ክፍልፋይ ሌንስ ነው። የፈረንሳዩ ሊቅ ኦጉስታን ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለባሕር መብራት ቤቶች ያወጣው የስስ ሌንስ አሠራር ዛሬ በዚህች የፕላስቲክ ጉልላት ላይ ይገኛል። ሌንሶቹ ከፊት ያለውን ቦታ እንደ ማራገቢያ ዘርግተው በመከፋፈላቸው፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ምልክት ይፈጠራል። ጠቋሚው እስከ 7 ሜትር ርቀት ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ አሠራር አንድ ዐቢይ ነገር እንረዳለን። ጠቋሚው የሚያየው ለውጥን እንጂ ሰውን አይደለም። ለመምህራን ይህን በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየክፍሉ «ተበላሸ» ከሚባሉት ጠቋሚዎች ብዙዎቹ በተሠሩበት አኳኋን በትክክል በመሥራት ላይ ያሉ ናቸው።

ብልሽት የሚመስል፣ ብልሽት ያልሆነ

ሰው በጠቋሚው ፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ጠቋሚው ዝም ይላል። እንደዚሁም ሰው በቀጥታ ወደ ጠቋሚው ከመጣ፣ ከጎን ወደ ጎን ከሚያልፈው ይልቅ ዘግይቶ ይታወቃል። ተማሪዎች ግን ለመሞከር የሚመጡት ሁልጊዜ በቀጥታ ነው፤ እጃቸውን ጉልላቱ ላይ አስጠግተው ሳያንቀሳቅሱ የሚይዙም አሉ።

ጠቋሚው ኃይል ካገኘበት ቅጽበት ጀምሮ እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ለመረጋጋት ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ምክንያት ሊመልስ ወይም ጨርሶ ላይመልስ ይችላል። ምልክቱን ሰጥቶ ካቆመ በኋላም ወደ 3 ሴኮንድ ለሚጠጋ ጊዜ ምንም ቢያልፍበት አይቀበልም። በጎኑ ካሉት ሁለት ተዘዋዋሪ ማስተካከያዎች አንደኛው ርቀቱን፣ ሌላኛው ምልክቱ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስኑ ሲሆኑ፣ የጊዜው ማስተካከያ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 5 ደቂቃ ይደርሳል። አንድ ተማሪ በካቻቢቴ እስከ መጨረሻው አዙሮት ከሄደ፣ ጠቋሚው አንድ ጊዜ ምልክት ሰጥቶ ለአምስት ደቂቃ በዚያው ይቆያል። ሮቦቱም አዲስ ለውጥ ስለማያይ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

መስታወት ለዓይናችን ግልጽ ቢሆንም፣ ይህን የሙቀት ጨረር አያሳልፍም። ጠቋሚውን ከአቧራ ለመጠበቅ በማሰብ ከመስታወት ጀርባ ያስቀመጠው ሰው ዓይኑን ሸፍኖታል ማለት ነው። ብዙ ዓይነት ወፍራም ፕላስቲኮችም እንደዚሁ ናቸው።

በመንኰራኵር የሚሄድ ሮቦት ላይ የተተከለ ጠቋሚ ደግሞ የተለየ ችግር አለው። ሮቦቱ ሲንቀሳቀስ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ፀሐይ ያረፈበት ወለል፣ ሁሉም በፊቱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ምልክት ይሰጣል፤ ፕሮግራሙም የምልክቱን መጀመሪያ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ከዚያ በኋላ ምንም አያገኝም። እንዲህ ያለ ሮቦት ቆሞ፣ ጥቂት ተረጋግቶ፣ ከዚያ ማየት አለበት። ተማሪዎች ይህን በራሳቸው እንዲደርሱበት መተው ከሮቦቱ ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት እንደሚሆናቸው አምናለሁ።

ፍለጋው ከየት ይጀመር?

ሮቦት በሰንሰለት የተያያዘ ሥራ ነው። ባትሪው ለጠቋሚው ኃይል ይሰጣል። ጠቋሚው ምልክት ይልካል። ምልክቱ በሽቦ ተጉዞ ወደ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ይገባል። ሰሌዳው በፕሮግራሙ መሠረት ሞተሩን ያዛል። ሞተሩ እጁን ያነሣል። እጁ ካልተነሣ፣ ከእነዚህ አንዱ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑት ተሰናክለዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዓይናችን የሚያርፈው በጠቋሚው ላይ ብቻ ነው፤ ስሙ «ጠቋሚ» ስለሆነ ጥፋቱም የእርሱ ይመስለናል።

እኛ አሁን የምንከተለው መንገድ ሰንሰለቱን ከመካከሉ መክፈል ነው። ጠቋሚው ከሮቦቱ ተፈትቶ ለብቻው ከታመነ የ5 ቮልት ምንጭ ጋር ይገናኛል። ለዚህም የስልክ መሙያ በቂ ነው። አንድ ደቂቃ በሰዓት ተቆጥሮ ይጠበቃል። ከዚያም በመለኪያው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር በሚሉት መሣሪያ፣ በምልክት መውጫውና በኃይሉ አሉታዊ ጫፍ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል። ማንም ሳይንቀሳቀስ 0፣ እጅ ከጎን ወደ ጎን ሲወዛወዝ ወደ 3.3 ቮልት ከተነበበ፣ ጠቋሚው ጤናማ ነው። ፍለጋው ከእንግዲህ ወደ ሰሌዳውና ወደ ሞተሩ ይዞራል። ካልተነበበ ደግሞ ፍለጋው በጠቋሚው፣ በማስተካከያዎቹና በእግሮቹ ላይ ይወሰናል። በአንድ ሙከራ የጥርጣሬው ስፋት በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። ጠቋሚዎቹ የእግሮቻቸው ቅደም ተከተል እንደ ሠሪው ሊለያይ ስለሚችል፣ ከማገናኘት በፊት ጉልላቱን ቀስ ብሎ አንሥቶ ከሥሩ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ አይዘንጋ።

ከዚህ ሙከራ በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል፤ ይኸውም «መጨረሻ በሠራበትና ሥራ ባቆመበት ጊዜ መካከል ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። ቦታ ተለውጦ ይሆናል፣ ባትሪ ተለውጦ ይሆናል፣ አንድ ሽቦ ተነክቶ ይሆናል። ተማሪዎች በአብዛኛው «ምንም አልተለወጠም» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ እውነት ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለ ኃይል

አሁን ወደ ሰላምታ ሰጪው ሮቦት ልመለስ። ሰባቱን ጠቋሚዎች አንድ በአንድ ከላይ በተገለጸው መንገድ ስንፈትሽ፣ አምስቱ ያለ አንዳች እንከን መለሱ። ስድስተኛው የጊዜ ማስተካከያው ተመልሶ ሲስተካከል ሠራ። ሰባተኛው በእርግጥ የሞተ ነበር፤ የሞተበትን ምክንያት እስካሁን አላገኘንም። እንግዲህ ከሰባት ስድስቱን ያለ በደላቸው ነበር የኮነንናቸው።

ታዲያ በአዲስ በተተኩ ቁጥር ሮቦቱ አንድ ጊዜ ይሠራ የነበረው ስለምን ነው? ክበቡን ያሳሳተው ይህ ነበር። አዲስ ጠቋሚ ሲገባ ሮቦቱ ከሠራ፣ አሮጌው መበላሸቱ የተረጋገጠ ይመስላል።

መልሱን ያገኘችው ፕሮግራሙን ጽፋ የማታውቅ፣ ካርቶኑን በመቁረጥ ሥራ ብቻ የተሰለፈች አንዲት ዕጩ መምህርት ናት። ሮቦቱ እጆቹን ሲያነሣ እኛ ሁላችን እጆቹን ስናይ፣ እርሷ ሰሌዳውን ታይ ነበር። «መምህር፣ እጁን ሲያነሣ እኮ ይቺ መብራት መጀመሪያ ስንከፍተው እንደምታደርገው ብልጭ ብልጭ አለች» አለች። በመቆጣጠሪያነት የምንጠቀምበት አርዱዊኖ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ የተጀመረው ሰሌዳ ነው። በ13ኛው መውጫ የተገናኘች ትንሽ መብራት አለችው፤ ሰሌዳው ሥራውን ከመጀመሪያው ሲጀምር ብልጭ ትላለች። ስለዚህ ሰሌዳው እጁ በተነሣ ቁጥር እንደገና እየተነሣ ነበር።

ምክንያቱ በባትሪው ላይ ተገኘ። ሮቦቱ የሚሠራው በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት፣ በጠቅላላው 6 ቮልት ይሰጣል። ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ ሮቦቱ ቆሞ ሳለ ስንለካው 5.4 ቮልት አነበብን፤ ይህም በቂ ነው። ሁለቱ የእጅ ሞተሮች በአንድነት ሲነሡ ግን አኃዙ ከ4 በታች ወረደ፤ እንዲህ ያለው መለኪያ ፈጣን ለውጥን ተከታትሎ ስለማያሳይ እውነተኛው መውረድ ከዚያም ይብስ ነበር። ርካሽ ድንጋዮች በውስጣቸው ከፍተኛ ተቃውሞ ስላላቸው፣ ብዙ ኮረንቲ በአንድ ጊዜ ሲጠየቁ ቮልቴጃቸው ይሟሽሻል። ጠቋሚው በአስተማማኝ ሁኔታ ለመሥራት ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይሻል። ሰሌዳውም ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ሲወርድ ራሱን ይዘጋና እንደገና ይጀምራል። ፕሮግራማችን ደግሞ ሲጀምር ጠቋሚው እንዲረጋጋ 60 ሴኮንድ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተጻፈ ነበር። ይህም ራሱ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ተገለጠ። ሮቦቱ ሰላምታ ይሰጣል፤ በሰላምታው ባትሪው ይደክማል፤ ሰሌዳው እንደገና ይነሣል፤ ለአንድ ደቂቃም ማንንም አይመለከትም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ እንግዶች ይመጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ። ጠቋሚውን ለመለወጥ ሮቦቱ ሲጠፋ ድንጋዮቹ ጥቂት ያርፋሉ፤ ያረፈ ድንጋይ ደግሞ ለጊዜው ያገግማል። ሥራው ተጠናቆ ሮቦቱ እስኪነሣ አንድ ደቂቃው ያልፋል፤ አዲሱ ጠቋሚም «ሠራ» ይባላል። ክበቡ ጠቋሚውን ብቻ የለወጠ መስሎት ባትሪውን ያሳርፍ፣ ጊዜም ያስቆጥር ነበር። ሁለትና ሦስት ነገሮች በአንድነት በሚለወጡበት ሙከራ አንዱን ለይቶ ምክንያት ማድረግ እንደማይቻል በሳይንስ ትምህርት መጽሐፋችን የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ተጽፏል፤ ያን ምዕራፍ ዕጩዎቹ ሁሉ በፈተና በጥሩ ውጤት አልፈዋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ለሞተሮቹ የተለየ ባትሪ ተሰጣቸው። የሞተሮቹ ባትሪና የሰሌዳው ባትሪ አሉታዊ ጫፎች በአንድ ሽቦ ተገናኙ፤ ይህ ካልሆነ ምልክቶች የጋራ መነሻ ስለሚያጡ ሌላ ብልሽት ይፈጠራል። በጠቋሚው የኃይል እግሮች ላይም ድንገተኛ መዋዠቅን የሚያለዝብ አንድ የ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በስታኞ ተበየደ። ለመምህራን የማሳስበው ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ባትሪ የሚለካው ሮቦቱ ሲያርፍ ሳይሆን ሥራ ላይ እያለ ነው። ያረፈ ባትሪ ሁልጊዜ ጤናማ ይመስላል። ካሬ ቅርጽ ያላት ባለ 9 ቮልት ባትሪም ቁጥሯ ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻ ለሞተር ትመረጣለች፤ ከአራቱ ድንጋዮች ይልቅ እርሷ ፈጥና የምትደክም ናት።

ሽቦ፣ ሰሌዳና ፕሮግራም

የመገጣጠሚያ ሽቦዎች በሽፋናቸው ውስጥ ተበጥሰው ከውጭ ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። ቤት ውስጥ አሮጌ ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ በእጅ መዳፍ መታ እናደርገዋለን። ይህን የሚያደርግ ተማሪ መገሠጽ የለበትም፤ ሲነካ የሚሠራና የሚያቆም ነገር የላላ መጋጠሚያ እንዳለው ስለሚያመለክት፣ መታ ማድረጉ ራሱ ሙከራ ነው። ስሕተቱ ሲሠራ ደስ ብሎት የሚሄድ ከሆነ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በመለኪያው መፈተሽ ይገባዋል።

ብየዳ ሳያስፈልግ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ የመለማመጃ ሰሌዳ አንድ የተሰወረ ነገር አለው። በረጅሞቹ ሰሌዳዎች ዳር ያለው የኃይል መስመር በብዙዎቹ ዘንድ ከመካከሉ የተቋረጠ ነው። በአንደኛው ጫፍ ኃይል ሰጥቶ በሌላኛው ጫፍ ጠቋሚውን የሰካ ሰው ሙሉ ቀን ቢደክም መልስ አያገኝም። አንዲት አጭር ሽቦ ሁለቱን ክፍሎች ታገናኛለች።

በፕሮግራም በኩል በብዛት የሚታየው ስሕተት ፕሮግራሙ «10 ሴኮንድ ቆይ» ተብሎ በታዘዘበት ጊዜ ጠቋሚውን ጨርሶ የማይመለከት መሆኑ ነው። የጠቋሚው ምልክት ለ3 ሴኮንድ ብቻ ከቆየ፣ መጥቶ ይሄዳል። ሌላው ምልክቱ የሚገባበት ቁጥር በፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ለሁለቱም የሚበጀው፣ ትልቁን ፕሮግራም ወደ ጎን አድርጎ፣ ምልክት ሲመጣ መብራት እንዲበራ ብቻ የሚያዝ የአምስትና የስድስት መስመር ፕሮግራም መጫን ነው። መብራቱ ከበራ ሽቦውና ጠቋሚው ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው።

ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች

አሁን በክበባችን እያንዳንዱ ቡድን አንድ የብልሽት መዝገብ ይይዛል። መዝገቡ ያየነው፣ የገመትነው፣ የሞከርነው፣ ያገኘነው የሚሉ አራት ረድፎች አሉት። ሦስተኛው ረድፍ ሳይሞላ ማንኛውም ዕቃ አይተካም። በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥም። ይህ ደንብ በመጀመሪያ የተጠላ ነበር፤ ወጣት ሰው ሮቦቱ እንዲነሣለት እንጂ መዝገብ እንዲሞላ አይፈልግም። ሆኖም መምህሩ ራሱ አስቀድሞ አንድ ብልሽት ደብቆ ቢያቀርብ፣ ለምሳሌ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አስገብቶ ወይም የጊዜውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዙሮ ቢሰጥ፣ ፍለጋው ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ማርኩም የሚሰጠው ሮቦቱ በመነሣቱ ሳይሆን በመዝገቡ መሆን ይኖርበታል። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ውጤት የሌለው ጥረት እንዴት ማርክ ያገኛል ይላሉ። እኔ ግን በትክክል ፈልጎ ያላገኘው ተማሪ፣ ሳይፈልግ በዕድል ካስነሣው የበለጠ እንደ ተማረ አልጠራጠርም።

የዕቅድ ባለሙያዎች ለትምህርት ቤቶች የሮቦት ዕቃ ሲመድቡ በአብዛኛው የሚቆጥሩት ሰሌዳውን፣ ሞተሩንና ጠቋሚውን ነው። መለኪያ በዝርዝሩ ውስጥ የማይገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢገባም ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሆኖ፣ እንዳይጠፋ በዕቃ ግምጃ ቤት ይቆለፍበታል። መለኪያ የሌለው ክፍል ሊያደርግ የሚችለው መተካት ብቻ ነው። ከአሥር ተጨማሪ ጠቋሚዎች ይልቅ ለየቡድኑ አንድ ርካሽ መለኪያ፣ ትርፍ ሽቦና ኃይል ተሞልቶ በተደጋጋሚ የሚያገለግል ባትሪ ቢገዛ እመርጣለሁ። በሰዓት ድልድሉም እንዲሁ ነው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ተብሎ የታቀደው መገጣጠም ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል፤ ሁለተኛው ሮቦቱ እምቢ የሚልበት ነው።

የክበቡ መመሪያ ከላይ በተገለጸው አኳኋን ከታረመ በኋላ፣ ከኮሌጃችን ተመርቃ በጋምቤላ ክልል በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተመደበች መምህርት በስልክ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። የወሰደችው ጠቋሚ ጠዋት በደንብ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተማሪዎቹ በፊቱ ሲመላለሱ ዝም ይላል። ኃይሉን በሥራ ላይ ለክታለች፣ ሽቦዎቹን ፈትሻለች፣ ማስተካከያዎቹን አይታለች። አራቱን ረድፎች ሞልታ አነበበችልኝ። ወሩ መጋቢት ነበር። በዚያ ወር በጋምቤላ ከሰዓት በኋላ የአየሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል፤ የሰው ቆዳ ደግሞ ወደ 33 ዲግሪ ይጠጋል። ግድግዳው እንደ ሰው ገላ ሲሞቅ፣ በፊቱ የሚያልፈው ልጅ ከግድግዳው የተለየ ጨረር አይለቅም፤ ጠቋሚውም የሚያየው ልዩነት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጬ መመሪያውን ስጽፍ ይህን ለማሰብ አልቻልኩም ነበር።

ምክንያቱን ስነግራት ጠቋሚ እንዲላክላት አልጠየቀችም። ተማሪዎቿ በየሰዓቱ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር እያነበቡ፣ ጠቋሚው ከስንት እርምጃ ርቀት እንደሚመልስ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ እንዲመዘግቡ አዘዘች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተደረገው ምልክት ከበሩ አጠገብ ነበር። የ9 ሰዓቱ ከሮቦቱ እግር ሥር አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ይርቅ እንደ ነበር ነግራኛለች።